«አንዴ ወጥቶልኛል» እስከ መቼ?

ለዚህ ዓምድ የሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ትዳርና ስለ ቤት አያያዝ የሚጠይቁ ናቸው። በዚህ ሳምንት መልስ የምንሰጥበት ደብዳቤ ግን ከእነዚያ ለየት ያለ ነው። ጸሐፊዋ በአዲስ አበባ ጉለሌ አካባቢ የሚኖሩ የሦስት ልጆች እናት ሲሆኑ፣ ስማቸው እንዳይገለጽ ጠይቀዋል። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ እንዳለ ለማውጣት አልቻልንም። ፍሬ ነገሩ ግን የሚከተለው ነው።

እኚህ እናት በመጋቢት ወር 2013 ዓ.ም. ኮሮና ይዟቸው ሁለት ሳምንት ያህል ተኝተው ድነዋል። በግንቦት ወር የደም ምርመራ ሲያደርጉ፣ በደማቸው ውስጥ ለዚህ በሽታ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል መገኘቱን የሚገልጽ ወረቀት ተሰጣቸው። «ወረቀቱን እንደ መታወቂያ በቦርሳዬ ይዤ እዞር ነበር» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር የሚያገናኘው ሥራ ሁሉ የእርሳቸው ሆነ። ገበያ የሚሄዱት፣ ለቅሶ የሚደርሱት፣ ዕቁብ የሚጥሉት እርሳቸው ነበሩ። የስኳር ሕመምተኛ የነበሩትን አማታቸውን የሚያጥቡትና የሚያጎርሱትም እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ባለቤታቸው «አንቺም ብትጠነቀቂ» ሲሏቸው፣ «እኔን እንደሁ አንዴ ወጥቶልኛል» ይሉ ነበር። አማታቸው በበኩላቸው ክትባቱን ዛሬ ነገ ሲሉ ሳይወስዱ ቀርተዋል።

በታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. ጸሐፊዋን ጉሮሯቸውን ከረከራቸው። ትኩሳት አልነበራቸውም። ጉንፋን ነው ብለው ዝንጅብል አፍልተው ጠጡና አማታቸውን ማጉረሳቸውን ቀጠሉ። በአራተኛው ቀን አማትየው ታመሙ፤ ሆስፒታል ገብተውም በአሥራ አንደኛው ቀን ዐረፉ። በዚያው ሰሞን ለታኅሣሥ ገብርኤል የመጡ እንግዶችም በቤቱ ነበሩ።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ የመጀመሪያ ልጃቸው አርግዛ፣ የሕፃን ልብስ ለመፈለግ ሣጥን ሲያገላብጡ ያ ወረቀት ከሥር ወጣ። «ወረቀቱ ዋሽቶኝ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያጠፋሁት? ለልጄስ አሁን ምን ልበላት?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ወረቀቱ አልዋሸም። ወረቀቱ የመለሰው «ይህ ሰውነት በሽታውን አይቶታል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። እኅታችን ያነበቡት ግን «ከእንግዲህ አይዝሽም፣ ከአንቺም ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም» የሚል መልስ ነበር። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለመረዳት፣ ፀረ እንግዳ አካል የተባለው ነገር ምን እንደሆነና በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ማየት ያስፈልጋል።

ፀረ እንግዳ አካል ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን በሆኑት የሚሠራ፣ ቫይረሱ ላይ እየተጣበቀ ሌላ ሕዋስ እንዳይገባ የሚያግድ ንጥረ ነገር ነው። ሰው በኮሮና በተያዘ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ሐኪሞች አይጂኤም የሚሉት ዓይነት ይታያል፤ ይህ ፈጥኖ መጥቶ ፈጥኖ የሚሄድ ነው። እርሱን ተከትሎ ወይም አብሮት አይጂጂ የተባለው ይመጣል። የእኅታችንም ወረቀት የሚናገረው በወሩ መጨረሻ ገደማ መጠኑ ከፍ ስለሚለውና ለብዙ ጊዜ ስለሚቆየው ስለዚህኛው ነው ብንል አንሳሳትም።

ከዚያ በኋላ ግን የእርሱም መጠን ይቀንሳል። በ2012 ዓ.ም. ይህ መቀነስ በጋዜጣና በሬዲዮ ሲነገር ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር። ነገሩ ግን የድግስ ቤትን ይመስላል። ሠርግ ሲኖር የጎረቤት ሴቶች ሁሉ መጥተው ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ወጡን ያማስላሉ። ድግሱ ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል፤ በማጀት የሚቀሩት የቤቱ ሴቶች ብቻ ናቸው። ቤቱ ባዶ ሆነ ማለት ግን አይደለም። በሰውነትም እንዲሁ፣ በሕመሙ ሰሞን የተራቡት ፀረ እንግዳ አካል ሠሪ ሕዋሳት አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንታት ያልቃሉ። ጥቂቶቹ ግን በአጥንት መቅኔ ውስጥ ገብተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የተሠራው አይጂጂ ራሱ ዕድሜው አጭር ነው፤ በደም ውስጥ ካለው ግማሹ በሦስት ሳምንት ገደማ ያልቃል። ስለዚህ ከስምንትና ከዘጠኝ ወር በኋላ ተመርምሮ ከተገኘ፣ አሁንም የሚሠራው አለ ማለት ነው።

ይህም በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ አብዛኞቹ ቀለል ባለ ሁኔታ ታመው ከዳኑ ሰዎች የአጥንት መቅኔ በመርፌ ስበው መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት እንደገለጹት፣ ከሕመሙ ሰባት ወር ካለፈ በኋላም በአብዛኞቹ መቅኔ ውስጥ ለዚሁ ቫይረስ የሚሠሩትን ሕዋሳት አግኝተዋል። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ፣ በላ ሆያ፣ የሚገኙ ተመራማሪዎች 188 ሰዎችን እስከ ስምንት ወር ድረስ ተከታትለው ሌላ ነገር አዩ። ቫይረሱን የሚያስታውሱትና እንደገና ቢመጣ አዲስ ፀረ እንግዳ አካል ለመሥራት የተዘጋጁት ሕዋሳት፣ ከስድስት ወር በኋላ ከመጀመሪያው ወር ይልቅ በዝተው ተገኙ። በደም ውስጥ የሚለካው ሲቀንስ፣ የማይለካው ትዝታ ጨምሮ ነበር ማለት ነው።

ሁሉም ሰው እኩል አይደለም። በአይስላንድ ከበሽታው የዳኑ 1,215 ሰዎች ተመርምረው፣ ከመቶው 91 ያህሉ ፀረ እንግዳ አካል ነበራቸው፤ መጠኑም በአራት ወር ውስጥ አልቀነሰም። በቻይና በዋንጆ ደግሞ ምንም የሕመም ምልክት ሳያሳዩ የተያዙ 37 ሰዎች ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። ከእነርሱ መካከል ከመቶ 40 በሚሆኑት ከሆስፒታል በወጡ በሁለት ወር ገደማ በምርመራ የሚገኝ አይጂጂ አልነበረም። ከታመሙት ወገን እንዲህ የሆኑት ከመቶ 13 ያህል ብቻ ናቸው። የሰዎቹ ቁጥር ጥቂት ነው፤ ቢሆንም በሌላም ቦታ በአብዛኛው የታየው፣ በጠና የታመመ ሰው ብዙ፣ ሳይታወቀው ያለፈበት ሰው ጥቂት የሚይዝ መሆኑ ነው። ስለዚህ «በደምሽ የለም» የተባለች ሴት በሽታው ነክቷት አያውቅም ማለት አይደለም፤ «በደምሽ አለ» የተባለችም ለዘለዓለም ድናለች ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ «አንዴ ወጥቶልኛል» ወደሚለው አነጋገር እንመለስ። እናቶቻችን ይህን የሚሉት ስለ ኩፍኝ ነው፤ ስለ ኩፍኝ ደግሞ ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1846 ፒተር ሉድቪግ ፓኑም የተባለ ወጣት የዴንማርክ ሐኪም፣ በሰሜን አትላንቲክ ወደሚገኙት የፋሮ ደሴቶች ኩፍኝ ገብቶ ተላከ። ከ7,800 ያህሉ ነዋሪ 6,000 የሚሆነው ታሞ ነበር። በደሴቶቹ ከዚያ በፊት ኩፍኝ የገባው በ1781 ሲሆን፣ ያን ጊዜ በልጅነታቸው የታመሙት ሽማግሌዎች ከ65 ዓመት በኋላ አንዳቸውም እንዳልተያዙ ፓኑም መዝግቧል። በመካከሉ በሽታው ደሴቶቹን ስላልጎበኘ፣ የጠበቃቸው በልጅነታቸው ያገኙት ብቻ ነበር።

ኮሮና ግን ከኩፍኝ ይልቅ ዝምድናው ከጉንፋን ጋር ነው። ለዘመናት በመካከላችን የኖሩና ተራ ጉንፋን የሚያስይዙ አራት የኮሮና ቫይረስ ዓይነቶች አሉ። በአምስተርዳም አሥር ሰዎች ለብዙ ዓመታት የሰጡት ደም ተመርምሮ፣ ሰው በአንዱ ዓይነት ከተያዘ ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ በዚያው ዓይነት እንደገና መያዙ የተለመደ መሆኑ ታውቋል። በእንግሊዝ አገር በሶልስበሪ የጉንፋን ምርምር ጣቢያ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ጥናት ደግሞ ለጥያቄያችን ይበልጥ የቀረበ ነው። በፈቃዳቸው ከእነዚሁ ቫይረሶች አንዱ በአፍንጫቸው የተጨመረላቸው ሰዎች ከዓመት በኋላ ያው ቫይረስ ተደገመላቸው። በመጀመሪያው ጊዜ ከተያዙት ብዙዎቹ እንደገና ተያዙ፤ ቫይረሱም ከአፍንጫቸው ይወጣ ነበር። ይሁን እንጂ አንዳቸውም ጉንፋን አልታመሙም።

የእኅታችን የታኅሣሥ ጉሮሮ ከዚህ ጋር ሲተያይ ትርጉሙ ግልጽ ይሆናል። ሰውነታቸው ቫይረሱን ያውቀው ስለነበር እርሳቸውን አላስተኛቸውም። በአፍንጫና በጉሮሮ ግን ለጥቂት ቀናት ቦታ አግኝቶ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ የመጣበት ምክንያት በከፊል ይታወቃል። ኩፍኝ ሰውን እስኪያሳምም አሥር ቀን ያህል በሰውነት ውስጥ፣ በደምም ጭምር ይዘዋወራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በደም ያለው ፀረ እንግዳ አካልና የነቃው ትዝታ ይደርሱበታል። ኮሮና ግን በአፍንጫ ውስጥ በሁለትና በሦስት ቀን ተራብቶ ወደ ሌላ ሰው ሊሻገር ይችላል። በደም ውስጥ ያለው አይጂጂ ወደ ሳንባ በደንብ ሲደርስ፣ ወደ አፍንጫ የሚደርሰው ግን ጥቂት ነው። ከዚህም ሌላ ኩፍኝ ለረጅም ዘመን መልኩን ብዙም ያልለወጠ ሲሆን፣ ኮሮና በየጊዜው ይለዋውጣል።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ እንዴት ነው? በእንግሊዝ ከ25 ሺህ በላይ የሆስፒታል ሠራተኞች ክትትል ተደርጎላቸው፣ አንድ ጊዜ የተያዘ ሰው እንደገና የመያዝ ዕድሉ ከመቶ 84 ያህል ቀንሶ ተገኝቷል፤ ይህም ለሰባት ወር ያህል የታየ ነው። በዴንማርክ በ2020 ዓመተ ምሕረት (እ.ኤ.አ.) የተመረመሩ ሚሊዮኖች መዝገብ ሲታይ ጥበቃው ከመቶ 80 ገደማ ነበር። ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ በሆነው ግን ወደ 47 ወርዷል። ሽማግሌና አሮጊት ያለበት ቤት ይህን ቁጥር ልብ ይበል። «እሳቸውም እኮ ባለፈው ይዟቸው ነበር» ማለት ለወጣቱ የሚሰጠውን ያህል ዋስትና ለእነርሱ አይሰጥም።

እነዚህ ሁለት ጥናቶች ግን ኦሚክሮን የተባለው ዓይነት ከመምጣቱ በፊት የተደረጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ከ19 አገሮች የተሰበሰቡ 65 ጥናቶችን ያጠቃለለ ጽሑፍ ወጥቷል። በዚያ መሠረት፣ በፊተኞቹ ዓይነቶች ላይ ከአርባ ሳምንት በኋላም የጥበቃው ኃይል ከመቶ 79 ያህል ነበር። በመጀመሪያው ኦሚክሮን ከመያዝ ግን ከአርባ ሳምንት በኋላ የሚጠብቀው ከመቶ 36 ገደማ ብቻ ነው። በጠና ከመታመም የሚጠብቀው ደግሞ በዚያው ጊዜ ከመቶ 89 አካባቢ ነበር።

አርባ ሳምንት ማለት ዘጠኝ ወር ገደማ ነው። እኅታችን ከታመሙበት ከመጋቢት እስከ ታኅሣሥ ያለውም ዘጠኝ ወር ነው። በዚያ ታኅሣሥ በአገራችን የተዛመተው ደግሞ ይኸው ኦሚክሮን ነበር። እንግዲህ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተዋል። የሰባ ዘጠኙን የሚያህል እምነት ይዘው የቆሙት በሠላሳ ስድስቱ ላይ ነበር፤ ሰማንያ ዘጠኙ እርሳቸውን ከአልጋ አዳናቸው። ለአማታቸው ግን የአንዱም ጥበቃ አልደረሳቸውም፤ የምራት ፀረ እንግዳ አካል ለአማት አይሠራምና።

በዚያን ጊዜ እንዲህ ያሰቡት እርሳቸው ብቻ አይደሉም። በአዲስ አበባና በጅማ በጤና ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በአዲስ አበባው ሆስፒታል በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ከአሥሩ በአንዱ ደም ብቻ የተገኘው ፀረ እንግዳ አካል፣ በየካቲት 2013 ዓ.ም. ከግማሽ በላይ በሆኑት ተገኝቷል። ይህን የሰማ ሁሉ «እንግዲህ አለቀልን» ቢል አያስደንቅም። ቢሆንም በመጋቢትና በሚያዝያ ሌላ ማዕበል መጣ፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ።

ማስጠንቀቂያው ግን ቀደም ብሎ ተነግሮ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ የዚህን ምርመራ ውጤት እንደ ይለፍ ወረቀት መጠቀም ተገቢ እንዳልሆነ ገልጿል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ግንቦት 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርመራው አንድ ሰው ከበሽታው የተጠበቀ መሆኑን ለማወቅ እንዳይውል አሳስቧል። ይህ እንግዲህ እኅታችን ወረቀታቸውን በተቀበሉበት በዚያው ወር መሆኑ ነው። በበኩላችን የምንወቅሰው ቢኖር፣ ደም ቀድቶ «ፖዘቲቭ» የሚል ማኅተም ከመታ በኋላ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይናገር ያሰናበታቸውን ሰው ነው። አማታቸው በሽታውን ከእርሳቸው ይውሰዱት ወይም ለገብርኤል ከመጡት እንግዶች፣ ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ደብዳቤው ሲጠቃለል የሚያሳየን፣ ሌላው ሰው ሁሉ ሲሸሽ ለወራት አሮጊት ያጠቡና ያጎረሱ ሴት መሆናቸውን ነው።

አሁን ወደ ነፍሰ ጡሯ ልጃቸው እንምጣ። የእናቷ የ2013 ወረቀት ስለ እርሷ ደም የሚናገረው ነገር የለም። በእርግዝና ጊዜ ፀረ እንግዳ አካል የሚተላለፈው ከነፍሰ ጡሯ ወደምትይዘው ፅንስ ነው። በአሜሪካ በፊላደልፊያ በተደረገ ምርመራ፣ ይህ ፀረ እንግዳ አካል በደማቸው ከተገኘባቸው 83 እናቶች የ72ቱ ሕፃናት ከነአይጂጂው ተወልደዋል፤ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎላቸዋል ማለት ነው። ይህ ስንቅ ግን ቶሎ ያልቃል። በቦስተን በተደረገ አነስተኛ ጥናት፣ በእርግዝና ጊዜ ከተከተቡ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት በስድስተኛው ወር ላይ ከመቶ 57 የሚሆኑት ገና ፀረ እንግዳ አካል ነበራቸው። እናቶቻቸው በእርግዝና በበሽታው ብቻ ከተያዙት መካከል ግን ከአሥራ ሁለቱ የተገኘው በአንዱ ብቻ ነው። በአሜሪካ በኦሚክሮን መግቢያ ገደማ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የእናት መከተብ ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናትን በኮሮና ሆስፒታል ከመግባት ከመቶ 61 ያህል እንደጠበቀ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡሮችን፣ አረጋውያንንና እንደ ስኳር ያለ ነባር በሽታ ያለባቸውን ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ወገን የሚቆጥረው ያለ ምክንያት አይደለም። ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ ስለ ክትባቱ አዋላጇን ትጠይቅ።

ጡት ማጥባትን በሚመለከት በቤት ውስጥ የሚሰማው ስሕተት አሁንም ስላልጠፋ ጥቂት እንጨምር። የያዛት እናት ጡት አትከልክል። በበሽታው ከተያዙ 18 እናቶች በተወሰደ ወተት ውስጥ ቫይረሱ አልተገኘም፤ አይጂኤ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ግን በአብዛኛው ወተት ውስጥ ነበር። ይህ ዓይነት በአፍና በጉሮሮ ሽፋን ላይ የሚሠራ ነው። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ታጥባ፤ እንገሩንም አትድፋ።

የድርጅቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ተነሥቷል። ዛሬ በሽታው ብዙዎቻችንን እንደ ጉንፋን ጎብኝቶን የሚሄድ ስለሆነ፣ ፀረ እንግዳ አካል አለኝ የለኝም ብሎ ለማወቅ ገንዘብ አውጥቶ መመርመር ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚጠቅም አይመስለንም፤ ያለው ሰው ብዙ ነውና። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም ለጉሮሮ ደስ ይላሉ እንጂ የፀረ እንግዳ አካልን ዕድሜ ያረዝማሉ የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። የሚጠቅመው «ባለፈው ይዞኝ ነበር» የሚለውን ሒሳብ ትቶ «ዛሬ ጉሮሮዬን ያመኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያመመው ሰው በዚያ ሳምንት አሮጊቷን አያጉርስ፤ አራሷንም አይጠይቅ። የሚተካው ከጠፋ ጭምብል አድርጎ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ሥራውን ፈጽሞ ቶሎ ይውጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) መመሪያው ምልክት ያለበት ሰው አሥር ቀን ለብቻው እንዲሆን መክሯል።

በእኛ አገር ይህ የሚከብደው በአራስ ቤት ነው። ገንፎ ይዞ የመጣን ዘመድ ከበር መመለስ፣ ሕፃኑን አትሳሙ ማለት እንደ ነውር ይቆጠራል። ስለዚህ አራሷ ራሷ እንድትናገር አይጠበቅ፤ ከቤቱ ሰው አንዱ፣ በተለይ አባትየው፣ ይህን ሥራ ይያዝ። ጉንፋን የያዘው ሰው ገንፎውን ሰጥቶ ከደጅ ቢመለስና ሲሻለው ቢመጣ የሚጎድል ነገር የለም።

እኅታችን ልጃቸውን ለማረስ እርሳቸው ራሳቸው እንደተዘጋጁ ጽፈውልናል። በደብዳቤው ላይ በቀጨኔ የምትኖር ታናሽ እኅት እንዳለቻቸውም ጠቅሰዋል። በዚያ ወር ጉሮሯቸውን ከከረከራቸው የምትተካቸው እርሷ እንድትሆን ከወዲሁ ይንገሯት።